የአውድማችን ስንጥቅ

ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ዘመነ ማርቆስ፣ ጥቅምት ገብቶ ብርዱ መቆንጠጥ ሲጀምር ነው። ክረምቱ ጠንክሮ አልፏል፤ ገብሱ ግን አምሮ ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቤታችን አንኮበር ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከገደሉ አፋፍ። ከደጃችን ቁልቁል ሲያዩት መጀመሪያ ጥዱ፣ ቀጥሎ የአልዩ አምባ መንገድ፣ ከዚያ ቆላው ይታያል። ከቆላው ማዶ በጠራ ጠዋት ብቻ ብቅ የሚል ሰማያዊ ተራራ አለ።

በዚያን ቀን ከቀትር በኋላ ባለቤቴ ከአውድማው ዳር ድንጋይ ይለቅማሉ። እኔ ጥጥ እፈትላለሁ። ልጄ በእኔና በክርስትና እናቷ መካከል ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። ያን ጊዜ ጭነት የከበዳቸው በቅሎዎች በድንጋይ ላይ እንደሚሄዱ ያለ ድምፅ ከሥራችን መጣ። ወዲያው ምድር ራደች። ግድግዳው ተንቋቋ፤ በደጃፍ የነበረው እንስራ ተንከባሎ ወደቀ።

ባለቤቴ «ዝንጀሮ!» ብለው ጮኹና ወንጭፋቸውን አነሡ። ከገደሉ የሚያድሩት ጭላዳዎች ድንጋይ ያንከባለሉ መስሏቸው ነበር። ጎረቤት ሁሉ ለረጅም ጊዜ ሳቀባቸው። «የዝንጀሮው ጌታ፣ ዛሬስ ምድሪቱን ማን ነቀነቃት?» እያለ በመንገድ ይጠይቃቸዋል።

እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ምድር ስትርድ እኔም ክርስትና እናቷም ለልጄ እጃችንን ዘረጋን። ሮጣ የገባችው ከክርስትና እናቷ ጉያ ነው። ምድር ጸጥ ካለች በኋላም የኔ እጅ እንደተዘረጋ ነበር።

አበልጄ ደግ ሴት ናት። ይህን አስቀድሜ መጻፍ ይገባኛል። ባሏ ከአልዩ አምባ ነጋዴዎች ጋር ወደ አዳል በረሃ እየወረደ አሞሌ ጨው የሚያመጣ ሰው ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል። ልጅ አልወለደችም። መልኳ ያማረ ነው፤ ወሬም ታውቃለች። እሷ ስታወራ እሳቱን የሚቆሰቁስ ሰው ይጠፋል። እኔ ወሬ አላውቅም። አባቴ ቄስ ስለነበር ንባብ አስተማረኝ፤ ከንባቡ ይልቅ የጠናብኝ ግን ዝምታው ነው።

ከዚህች ልጅ በፊት ሁለት ቀብሬአለሁ። እሷን አቁማ ስለሰጠችኝ እመቤቴን አመሰግናታለሁ።

አበልጄ ያን ዓመት ከኅዳር ጽዮን በኋላ አንኮበርን ለቃ በደብረ ብርሃን ሜዳ ወዳለው የአባቷ ርስት ልትገባ ነበር። መስከረም ላይ እኔ ባለሁበት ባለቤቴን እንዲህ አለቻቸው።

«ልጅቷን ስጡኝ፣ እኔ ላሳድጋት። ርስቴም ለሷ ይሆናል።»

«እናስብበት» አሉ ባለቤቴ። አስበው እንደጨረሱ ከፊታቸው አወቅሁ። «መልሱን ለኅዳር ጽዮን እንነግርሻለን።»

የሰማ ሁሉ ለልጅቷ ትልቅ በረከት ነው አለ። እኔም ሐሰት ነው አላልኩም። እሷ የምትሰጣት መሬት እኔ የለኝም፤ የምትነግራት ተረትም የለኝም። እናት ግን ያላትን ሁሉ ለልጇ ከሰጠች አይበቃም እንዴ? እኔ የነበረኝ ራሴ ብቻ ነበር፤ ያም ለልጄ እንደሚበቃት እርግጠኛ አልነበርኩም።

ምድር በራደች በማግስቱ ባለቤቴ ስንጥቁን አገኙት። በአውድማችን መካከል ያልፋል። አንዱ ጫፉ ገብሱ ውስጥ ገብቷል፤ ሌላው ከገደሉ ተያይዟል። ስፋቱ ጣት ቢያስገባ ነው። በገደሉ በኩል ያለው መሬት በቤታችን በኩል ካለው ትንሽ ዝቅ ብሏል።

ልጄ በሆዷ ተኝታ ወደ ውስጥ ተመለከተች።

«እማዬ፣ መሬትን የሚያንቀሳቅሳት ምንድን ነው?»

«እግዚአብሔር ነው።»

«በምን?»

«በፈቃዱ።»

እጨምር እንደሆነ ትንሽ ጠበቀችኝ። ተነሥታ አቧራዋን አራገፈችና ወደ ክርስትና እናቷ ሄደች። ማታ የመጣችው አፏ ሞልቶ ነው። «እትዬ እንዲህ አለች፤ ከቆላው ሥር እሳት አለ አለች፤ እትዬ ባሏ በዓይኑ አይቷል አለች።» ባለቤቴ ጉርሻቸውን በእጃቸው ይዘው ያዳምጣሉ። ወጡን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እራቱ ግን የሷ ሆነ።

በሰንበት የነፍስ አባቴን ከቅዳሴ በኋላ ጠየቅኋቸው።

«መምሬ፣ ምድር ለምን ትንቀሳቀሳለች?»

«ኃጢአታችን ሲከብዳት ነዋ።»

«ስንጥቁ ግን ከኛ አውድማ ላይ ብቻ ነው።»

ሳቁ። «እንግዲያ ምን ሠርታችኋል?»

ዓይናቸውን ሲያፈጡብኝ እንዲህ አልኳቸው። «እኔ ቀንቻለሁ፣ አባቴ።»

«በማን?»

«በአበልጄ።»

«እግዞ! በክርስትና እናት ይቀናል? እሷ እኮ በመቅደስ ፊት ለልጅሽ እናት ሆናለች።»

«የቀናሁት በዚሁ ነው።»

ስግደት አዘዙኝ። ሰገድኩ። ስሰግድ ግንባሬ መሬት ሲነካ አንድ ሐሳብ ገባኝ፤ ከዚያ በኋላ አልወጣም። መምሬ የተናገሩት ለቀልድ ይሁን ለቁም ነገር አላወቅሁም። እኔ ግን ምድሪቱን የሰነጠቃት ቅናቴ ነው ብዬ አመንኩ። እንዲህ ከሆነ የሚዘጋትም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄን በደስታ መስጠት።

ገብስ ከመወቃቱ በፊት አውድማ በእበት ይለቀለቃል። እህሉ ከአፈር እንዳይቀላቀል ነው። የሴት ሥራ ነው፤ በሰፈራችን ደግሞ እንደኔ የሚለቀልቅ የለም። በሌላ ነገር አልመካም፣ በዚህ ግን እመካለሁ። እበቱን በጠበጥኩ፣ የጤፍ ጭድ ጨመርኩበት፣ ስንጥቁን ሞልቼ በላዩ ላይ ለቀለቅሁ። ስለቀልቅም በልቤ ምልክት ጠየቅሁ። «ጌታዬ፣ ልቅላቄው ከያዘ ቅናቴን ይቅር ብለኸኛል፣ ልጄም ከኔ ትቆያለች። ከተሰነጠቀ ለአበልጄ እሰጣታለሁ።» ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

በፀሐይ ደርቆ አማረ። እንደ ምጣድ ለሰለሰ። ቀናት አለፉ። ደስ አለኝ፤ ለአበልጄም ጎመን ላክሁላት።

አንድ ጠዋት ስወጣ ተሰንጥቋል። እበት ሲደርቅ እንደሚፈነካከተው አይደለም፤ በዚያው መስመር፣ ከዳር እስከ ዳር።

ባለቤቴ መጥተው አዩት። አበልጄም ልጄን እጇን ይዛ አጠገባቸው ቆማለች።

«እበቱን አቅጥነሽው ነው» አሉኝ።

«አላቀጠንኩም።»

«ጭድ አንሷል እንግዲህ። ዛሬ ልብሽ ሌላ ቦታ ነው፣ አንቺ ሴት።»

በሷ ፊት እንዲህ አሉኝ። ጆሮዬ ጋለ። አበልጄ ደግሞ ተንበርክካ ልቅላቄውን በጣቷ ዳሰሰችና፣ «ኧረ ይህ የመሰለ ሥራ! ጥፋቱ የእበቱ አይደለም፤ የመሬቱ ነው» አለች። ወግናልኝ ነው። ባለቤቴ ሲሰድቡኝ ካዘንኩት ይልቅ እሷ ስትወግንልኝ ያዘንኩት በለጠ። እኔን ለማመስገን እንኳ አፍ ያላት እሷ ናት።

ምልክቱ ወጥቷል ማለት ነው። ቃሌን መፈጸም ነበረብኝ። ነገር ግን የጥንት አባቶችም ምልክት ሁለት ጊዜ ጠይቀዋል ብዬ አሰብኩ። ደግሜ ለቀለቅሁ። አሁን ወፍራም አድርጌ፣ ጭዱን አብዝቼ፣ በእግሬ ረግጬ። በየቀኑ ከቅናት ለመራቅ ታገልኩ። ልጄ ወደሷ ስትሄድ «በርቺ፣ ሂጂ» እላለሁ። አንድ ቀን ደግሞ ልጄ ደንግጣ «እማዬ፣ አሞሻል?» አለችኝ።

የኅዳር ጽዮን ሳምንት ሲገባ ልቅላቄው በዚያው መስመር ተሰነጠቀ። አሁን እጅ ያስገባል።

በየዓመቱ ለጽዮን ጧፍ የምሠራ እኔ ነኝ። ሰሙን በሸክላ ድስት አቀልጣለሁ፤ የፈተልኩትን ፈትል ከሰሙ እያጠለቅሁ አወጣለሁ፤ ሲበርድ በጣውላ ላይ አንከባልዬ አስተካክለዋለሁ። የዚያን ዓመት አበልጄ «ለመሰናበቻዬ ይሁንልኝ፣ ልርዳሽ» ብላ መጣች። ልጄ ጭራሮ ልትለቅም ወጣች። ሁለታችን ብቻ ቀረን። የምናገረው በዚያን ሰዓት ካልሆነ እንደማይሆንልኝ አወቅሁ።

«አበልጄ፣ ልጅቷን ውሰጃት» አልኳት።

ፈትሉን እንደያዘች ቀረች። «ባልሽ ወሰኑ?»

«እሳቸው ከወሰኑ ቆይተዋል። የወሰንኩት እኔ ነኝ። ምልክት ጠይቄ ነበር። መሬቷን የሰነጠቃት ቅናቴ ነው።»

«የምን ቅናት? በማን?»

«ባንቺ።»

ትከፋለች ብዬ ጠበቅሁ። አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች፤ ዓይኗ እንባ እስኪያወጣ ሳቀች።

«ወይ አበልጄ! ቅናትሽ ይህን ያህል ጉልበት ካለው በሬ ለምን ትቀልባላችሁ? እሱን ጠምዳችሁ አታርሱም?»

እኔ አልሳቅሁም። እሷም አይታኝ ሳቋን አቆመች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ።

«ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወደ አዳል ሲወርድ ያየውን ልንገርሽ። ምድሩ ዓይን እስከሚደርስ ድረስ ተሰንጥቋል። ሁለቱ ከንፈሮቹ እንደተቆረሰ ዳቦ ናቸው፤ ቢገጥሟቸው ይገጥማሉ። በመካከሉ ጥቁር ድንጋይ እንደ ገንፎ ገንፍሎ ረግቷል። ውኃው ከመሬት ሲወጣ ይፋጃል። ሽማግሌ ግመል ነጂዎች፣ ባባቶቻችን ዘመን እንዘለው ነበር፣ ዛሬ ዞረን ነው የምናልፈው ይሉት ነበር። ሰው የማይኖርበት በረሃ ነው፣ አበልጄ። እዚያ ማን በማን ቀንቶ ነው? ግመል በግመል?»

ይህን ስትል ልጄ ጭራሮዋን ታቅፋ ገባች። ወደ ድስቱ ጎንበስ አለችና ጮኸች።

«እትዬ፣ ነይ እዪ! እትዬ!»

የጠራችው እሷን ነው። ሁላችንም አየን። ፍሙ ከድስቱ መካከል ሥር ብቻ ነበር። የሰሙ ገጽ በብርዱ ረግቶ ቆዳ አበጅቷል። ያ ቆዳ ፍሙ ካለበት ትይዩ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ግማሹ ወደዚህ፣ ግማሹ ወደዚያ ቀስ ብሎ ይሄዳል። በስንጥቁ መካከል ትኩሱ ሰም እያበራ ይወጣል። ዳር የደረሰው ደግሞ ይጨማደድና ከድስቱ ግድግዳ ሥር ይሰጥማል።

«ይኸውልሽ» አለች አበልጄ። «ከሥር ሲግል ይወጣል። የወጣው ወደ ዳር ይሄዳል። ዳር ሲደርስ ይበርዳል፤ ሲበርድ ይከብዳል፤ ሲከብድ ይወርዳል። ወርዶ እንደገና ይግላል። ምድርም እንዲህ ትሆናለች፣ ማን ያውቃል።»

«ታዲያ መካከሉ ነው የሚገፋው?» አለች ልጄ።

«መካከሉ ነዋ።»

«አይደለም፣ እትዬ! ደህና አድርገሽ እዪ። ዳሩ ሲሰጥም ነው የቀረውን የሚጎትተው። ነጠላ ከመደብ ላይ ጫፉ ሲንሸራተት ሁሉም ተጎትቶ እንደሚወርደው።»

«አንቺ ልጅ፣ ከኔ ጋር ትከራከሪያለሽ?»

«እሺ እዪዋ!»

ሁለት ራስ አንድ ድስት ላይ ተደፍቶ ይከራከራል፣ ይሳሳቃል። የእኔ ድስት ነው። ከልጅነቴ ጀምሬ ያየሁት ሰም ነው። ያ ቆዳ ሲረጋ ሲሰነጠቅ በየዓመቱ አይቻለሁ፤ ጧፌን ያበላሽብኛል ብዬ በጭልፋ እጠርገው ነበር እንጂ ምንድን ነው ብዬ አላውቅም። እሷ አንድ ቀን መጥታ ከቤቴ፣ ከእሳቴ፣ ከልጄ ጋር አገኘችው። ጭልፋውን አነሣሁና ሰሙን አማሰልኩት። ገጹ ጠፋ።

«እማዬ!» አለች ልጄ፣ ከፍቷት።

«ይረጋል፤ ጧፍ ነው የምሠራው» አልኳት።

ሰሙ ተረጋጋ። ቆዳው እንደገና ያዘ። ጥቂት ቆይቶም በዚያው ቦታ፣ በዚያው መስመር፣ ለሁለት ተሰነጠቀ። ፍሙ ያው ከመካከሉ ሥር ነበር።

ያን ጊዜ ልቅላቄዬ ትዝ አለኝ። አቅጥኜም አወፍሬም፣ ቀንቼም ታግሼም፣ የተሰነጠቀው በአንድ ቦታ ነው። ከሥር ያለው ነገር የኔን ልብ አይጠይቅም። ከትከሻዬ ላይ ሸክም የወረደ መሰለኝ። አምላኬን አመሰገንኩት። ያወረደችልኝ እሷ መሆኗ ግን ቆረቆረኝ። ዝም ብትል ኖሮ ልጄን ይዛ ትሄድ ነበር፤ እጄን ዘርግቼ ሰጥቻት ነበር። ዝም አላለችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በመልኳና በወሬዋ ላይ ደግነቷንም ጨምሬ ቀናሁባት።

«እሳቱን ታዲያ ማን ነው የሚያነደው?» አለች ልጄ።

አበልጄ ፈትሏን አነሣች። «ይህንስ እናትሽን ጠይቂ።»

ልጄ ወደኔ ዞረች።

«እግዚአብሔር ነው» አልኳት።

«በፈቃዱ» አለች ልጄ ራሷ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም።

ልጄ ጣውላውን ልታመጣ ስትወጣ ለአበልጄ፣ «እንግዲያ አልሰጥሽም» አልኳት።

«ወይ ጉድ! አሁን ውሰጃት፣ አሁን አልሰጥሽም። ገበያ ላይ ነን እንዴ?»

«አልሰጥሽም።»

«ለባልሽ ንገሪያቸው። እኔ የጠየቅሁት እሳቸውን ነው» አለች። ፊቷ ትንሽ ጠቆረ። እሷም ልጅቷን ትወዳታለች። ይህንም መጻፍ ይገባኛል።

በጽዮን ዕለት ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ነበርን። ታቦቱ ገብቶ ምእመኑ ጧፉን እንደያዘ ምድር እንደገና ራደች። ከበፊቱ ትበልጣለች። ሰው «እግዚኦ!» እያለ ወደቀ። ልጄ ከጎኔ ነበረች፤ ያዝኳት፤ በሁለት እጄ ያዝኳት። ጸጥ ሲል ሁላችንም ደኅና ነበርን፤ ስሙ ይመስገን።

ቤታችን ስንደርስ ከአውድማው ግማሹ የለም። በገደሉ በኩል ያለው ከነልቅላቄው ወርዷል። ከታች አቧራው ገና ይጨሳል። የገብሱ ክምር በቤት በኩል ስለነበር ተረፈ። የቤታችን ምሰሶ ግን አዘንብሏል፤ ከግድግዳው ሥር አዲስ ስንጥቅ ገብቷል።

ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩ። ወንጭፋቸውን የሚያነሡበት ዝንጀሮ አልነበረም። ከዚያ ወደ አበልጄ ዞሩ።

«ልጅቷን ዛሬውኑ ይዘሻት ሂጂ።»

«አይሆንም» አልኩ።

«ምን አይሆንም! አታይም? ምድሪቱ ፈርዳለች።»

«ምድሪቱ ዳኛ አይደለችም፣ ጌታዬ። ከሥሯ እሳት ነው።»

ባለቤቴ አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። በትዳራችን ዘመን እንዲህ ስመልስላቸው የመጀመሪያዬ ነው። «እና ከፈረሰ ቤት ላስተኛት?»

ልጄ ነጠላዬን ይዛ ነበር። ከስንጥቁ ላይ ብታድር አትጎዳም ብል ውሸት ነው። ብትሄድ ደግሞ አትመለስም፤ ልጅ የሞቀበትን ይለምዳል። እዚያው ቆሜ ልስጥ ወይስ ልያዝ አላወቅሁም።

አበልጄ ነጠላዋን አጣፋች። ድምፅዋ እንደወትሮው አልነበረም።

«ብቻዋን አልወስዳትም» አለች። «ብቻዋን ብወስዳት ሌት ተቀን ስለ እናቷ ስትጠይቀኝ ልትኖር ነው። ተነሡና ሁላችሁም እንሂድ። ሜዳው ሰፊ ነው። ከደጄ አጠገብ ጎጆ መሥሪያ እሰጣችኋለሁ።»

«እህሉስ?» አሉ ባለቤቴ።

«እርስዎ ወቅተው ይምጡ። እነሱ ከኔ ጋር ይቅደሙ።»

ሁሉም እኔን አዩ። በሷ ርስት ላይ፣ በሷ ደጅ፣ የሷን እህል እየበላሁ። ልጄ በሁለት ደጅ መካከል በየቀኑ ስትመላለስ እያየሁ። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አሰብኩት። ከልጄ ጋር የምሆንበት ሌላ መንገድ አልነበረም።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እንሄዳለን» አልኳት። ቃሉ መረረኝ። ግን ከልቤም ነበር።

ሳምንቱ ሳያልቅ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ወጣን። ልጄ ከበቅሎዋ ላይ ሆና ወደ ቆላው ዞራ አየች። ጠዋቱ ጠርቶ ስለነበር ማዶ ያለው ሰማያዊ ተራራ ይታያል። «እትዬ፣ ያኛው ከኛ ጋር አንድ ነበር?» አለች። «እንዲያ ይላሉ» አለች አበልጄ። እኔ በቅሎዋን እስባለሁ። ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንወጣ ነፋሱ ፊት ይቆርጣል። ገደል የሚባል የለም። ምድር እንደ ጠረጴዛ ተዘርግታ ሳይ እግሬ ሳያስፈቅደኝ ፈጠነ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደረስን። አበልጄ አገልጋይዋን «ውኃ አሙቂ» አለቻት። ገበቴው ሲመጣ እኔን ከመደቡ አስቀመጠችኝና በርከክ አለች። እግሬን ያጠበችው ራሷ ናት፤ ለአገልጋይ አልተወችም። ሸሸሁ።

«ተይ አበልጄ፣ ነውር ነው።»

«እንግዳዬ ነሽ። ዝም በይ፤ ዝምታ እንደሆን ታውቂያለሽ።»

ልጄ ሳቀች። እኔም በዚያ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ሳቅሁ። ተረከዜ የደማበትን በቀስታ አጠበችው፤ አጥባም እንደ ሥርዓቱ ሳመችው። ዕንባዬ መጣ። ከምስጋናና ከቅናት የትኛው እንዳመጣው ዛሬም ቢጠይቁኝ አልለየውም። እራት ተበልቶ ሳይነሣ ልጄ እንቅልፍ ጣላት። ራሷን ያሳረፈችው ከአበልጄ ጭን ላይ ነው። አየሁና ዓይኔን ወደ እሳቱ መለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ተነሣሁ። ሣሩ ላይ ውርጭ ተነጥፏል። ጸሎቴን አደረስኩ፤ ሌሊቱን ምድር ሳትንቀሳቀስ ስላሳደረን አመሰገንኩ። ልጄን ቀስቅሼ በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ደጅ አወጣኋት። ፀሐይ በምትመጣበት በኩል ከጉልበቴ መካከል አስቀመጥኳትና የጋሜዋን ዙሪያ በሚዶ ፈታሁት፣ አበጠርኩት፣ ጎነጎንኩት። «እማዬ፣ ምን ያስቸኩልሻል? ያማል» አለችኝ። የመጨረሻውን ጉንጉን ሳስር አበልጄ ሚዶዋን በእጇ ይዛ ከበሩ ብቅ አለች። የልጅቷን ራስ አየች፤ ሚዶዋንም አየች።

ልጄን አስነሣሁና ቦታውን በእጄ ጠረግሁ።

«ነይ፣ ተቀመጪ» አልኳት። «ያንቺን ልሥራልሽ።»

ተቀመጠች። ጠጉሯ ብዙ ነው፤ ከኔ ይልቅ ብዙ ነው። ፀሐይዋ ሳትሞቅ ሠርቼላት ጨረስኩ።